ደመቀ በር አያንኳኳም

ደመቀ በር አያንኳኳም። የሸማ ተራ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ያውቅና ይስቅበታል። የሰው ቤት ሲሄድ ደጃፉ ላይ ይቆምና ጉሮሮውን ጠርጎ "ደመቀ ነኝ!" ይላል። ትልቅ ሰው ቢሮ ቢልኩትም ያው ነው፤ ጸሐፊዋ ደንግጣ ቀና እስክትል "ደመቀ ነኝ!" ይላል። የገዛ ቤቱ በር እንኳን ተዘግቶ ሲቆየው፣ ሚስቱ ባይነሽ ጓዳ ሆና ሳትሰማው ስትቀር፣ እዚያው ተገትሮ ሰፈሩን ይረብሻል እንጂ እጁን ወደ ሣንቃው አያነሣም። ጎረቤቱ ሰላሁዲንማ ስሙን ለውጦታል፤ "ያ ደመቀ ነኝ ሱቅ ከፈተ ወይ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ሌላም አመል አለው። መጠጥ አይቀምስም። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ጠጁን ሲገለብጡ እሱ ብርዝ ይዞ ዋለ። ዛሬ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት የሞላ የተከበረ አቡጀዴ ነጋዴ ነው፤ ከደንበኛ ጋር አንድ ብርጭቆ ጠላ ቢያነሣ ማንም አይፈርድበትም። አያነሣም። ሰው ሁለቱን አመሎች ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ሁለቱም ከአንዲት ቅዳሜ የመጡ መሆናቸውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ደመቀ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ሸማ ተራ በረንዳ ላይ በአሮጌ የስፌት መኪና የሰው ሱሪ ያጠባል፣ የሸሚዝ ኮሌታ ይገለብጣል። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት እናት ብሎ የሚያውቀው የጓደኛውን የይመርን እናት፣ እትዬ በለጥሻቸውን ነው። እትዬ በለጥሻቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ በርበሬ እየደለዙና ቅመም እያሰናዱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ይመር ብቻ ነው። እሱም አሰብ በሚመላለስ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ይመር ኖረም አልኖረም፣ ደመቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን የሚበላው እሳቸው ዘንድ ነው።

በዚያች ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሰፈሩ እድር ዳኛ ጋሼ ቦጋለ ወደ በረንዳው መጡ። የስፌት መኪናው እስኪቆም ጠበቁና "ና፣ ተነሥ" አሉት። ቆርቆሮው አጥር ጥግ ወስደው አቆሙት።

"ይመር ሞተ" አሉት። ነገሩን አላዞሩም፣ አላስተዛዘኑም። "መኪናዋ ሐሙስ ዕለት ባቲ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ እዚያው ቀረ። ትናንት ቀብረውታል። ባለመኪናው አሁን በስልክ ሰምቶ ነገረኝ።"

ደመቀ አፉን ከፈተ። ጋሼ ቦጋለ በመዳፋቸው ያዙት።

"ዋ! አንዲት ቃል እንዳትወጣህ! እናቱ አልሰማችም። ወንድሟ ከሱሉልታ እስኪደርስ ነው፤ ሰው ልከንበታል። መርዶው ነገ ንጋት ላይ ነው። ጥሩምባ ነፊውንም አፍህን ያዝ ብዬዋለሁ።"

መርዶ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ዘመድ ደርሶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነገር። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ለቅሶ አቅም ይጠይቃላ።

"አንተ ዛሬ ከቀረህባት ትጠረጥራለች" አሉ ጋሼ ቦጋለ። "ሂድና እንደ ወትሮህ ምሳህን ብላ። ተጫወት። ማታ እህል መቅመሷን አይተህ ውጣ። በባዶ ሆዷ እንዳይመታት። ወንድ ሁን!"

ወንድ ሁን ማለት ቀላል ነው። ተናጋሪው ከዘራውን ይዞ ይሄዳል፤ ወንድ ሁን የተባለው እዚያው አጥር ሥር ይቀራል። ደመቀ መኪናውን ሳይሸፍን፣ ክሩን ሳይቆርጥ ወጣ። ወደ ሲኒማ ራስ አቀና፤ ግቢው በር ጋ ደርሶ አለፈው። እስከ አማኑኤል ሄደ፣ ተመለሰ። ኩሊ ገፈተረው፣ አህያ ገፋችው፤ የቅዳሜ ገበያ ሰው ሁሉ ሥራ ይዞታል። እሱ ብቻ ሥራ ፈትቶ እንዳበደ ሰው ይዞራል። ምን ብሎ ነው ፊታቸው የሚቀመጠው? ምን ብሎ ነው የሚስቀው? እግሩ ያለ አሳቡ ጭድ ተራ አደረሰው፣ ከጭዱ ክምር ጀርባ ወዳለችው የታንጉት ካቲካላ ቤት።

ያቺን ቤት አንድ ጊዜ ያውቃታል። ከሁለት ዓመት በፊት እሱና ይመር ጎረምሳነታቸውን ሊያስመሰክሩ ገብተውባት ነበር። የታንጉት ካቲካላ ርካሽ ነው፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጉሮሮ የሚልጥ፣ ከየት እንደተቀዳ የማይጠየቅ። ሁለት ሁለት መለኪያ ገልብጠው እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ወጡ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ደመቀ የጓደኛቸው የጭድ ሻጩ ልጅ የኑሪ አባት ጭድ ክምር ላይ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው። አባትየው መንሽ ይዘው ወጡ። የኑሪ ነገር ደግሞ፣ አባቱን ይዞ ማስጣል ሲገባው መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል። ይመር ደመቀን ተሸክሞ ሮጠ፤ ቤት አስገባውና ለእናቱ "ምች መትቶት ነው" አላቸው። ሴትዮዋ ምን ያድርጉ! ቀኑን ሙሉ ዳማከሴ እያሹ ሲቀቡት፣ ሲያሸቱት፣ ጭማቂውን በግድ ሲያጠጡት ዋሉ። ይመር በሩ ላይ ቆሞ በሳቅ ይንፈራፈራል። ማታ ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው "ሁለተኛ ካቲካላ ብንቀምስ ጊዮርጊስን!" ብለው ማሉ።

አሁን መሐላውን የሰማው ሰው ባቲ ተቀብሯል። ደመቀ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና "ቅጂ" አላት።

"ምነው በቀትር?" አለች ታንጉት። "ቁርስህንስ ቀምሰሃል?"

"ቅጂ አልኩሽ እኮ!"

የመጀመሪያው አንጀቱን አቃጠለው። ሁለተኛው ትንሽ እንባ አምጥቶ መለሰለት። ሦስተኛውን ሲጨርስ ነገሩ ሁሉ ቀለለው፤ ምን አለበት፣ ገብቶ ምሳውን ይበላል፣ ይስቃል፣ ይወጣል። ካቲካላ ሲጀምር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉን ነገር እችላለሁ ያሰኛል። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ደመቀ አንድ ጊዜ አይቶት ነበር፤ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መቼ ያስታውሳል!

ሲወጣ ኑሪ ጭድ እያሰረ ነበር። የይመርን ሞት ሰምቷል፤ ዓይኑ አብጧል። ደመቀን ሲያየው ገመዱን ጣለው።

"ወላሂ አብደሃል! እንዲህ ሆነህ ልትገባባቸው ነው?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ትሸታለህ እኮ!" ኑሪ ከአንዲት ሻጭ ጤና አዳም ነጥቆ አመጣና አፉ ውስጥ ጠቀጠቀለት። ደመቀ ጥርሱ እስኪመረው አኘከ። "አሁንስ?" ቢለው፣ ኑሪ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ካቲካላና ጤና አዳም ትሸታለህ። አትግባ ደመቀ። አሞኛል ብለህ ላክባቸው፣ እኔ እሄድልሃለሁ።" አልሰማውም። ወንድ ሁን ተብሏል።

በሩን አንኳኳና ገባ። እትዬ በለጥሻቸው ቅመም ሲነፉ ነበር፤ ወንፊቱን አስቀምጠው ገበታውን አቀረቡለት።

"ዛሬስ ቆየህ። ወጡ ቀዘቀዘ እኮ።"

"ሥራ በዝቶ ነው እትዬ" አለ፤ ምላሱ ተሳሰረ። አንድ ጉርሻ አንሥቶ ሊጎርስ ሲል ከአፉ ሳይደርስ መሬት ላይ ወደቀ። እትዬ በለጥሻቸው ቀና አሉ። ፊቱን አዩ። ጠጋ ብለው አሸተቱት።

"ዛሬም ምች ነው?" አሉት።

ደመቀ ሊስቅ ሞከረ። የወጣው ሳቅ አልነበረም። የሴትዮዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

"አንተ በቀትር የምትጠጣ ልጅ አይደለህም። ምን ሰምተህ ነው? ደመቀ! ልጄ ምን ሆነ?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ያልጠጣ ሰው ቢሆን "ኧረ ምንም" ይል ነበር፤ "ሆዴን አሞኝ ነው" ይል ነበር። የደመቀ ጭንቅላት ግን በካቲካላ ተሞልቷል፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየው። ሰው በቀትር የሚጠጣው ወይ አዝኖ ነው፣ ወይ ተደስቶ። ማዘኑን መናገር አይችልም።

"ደስ ብሎኝ ነው!" አለ። "ይመር ይመጣል! ነገ ጠዋት ይገባል፤ መልእክት መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት!"

ቃሉ ወጣ። ሲወጣ ሰማው። ይዞ ሊመልሰው ቢችል ምላሱን ቆርጦ በሰጠ።

እትዬ በለጥሻቸው ተቀመጡ። እንባቸው መጣ፣ ሳቃቸውም መጣ፤ በመዳፋቸው ትከሻውን መቱት። "አንተ የተረገምክ! አስደነገጥከኝ እኮ! ይህን ምሥራች ይዘህ ነው ካቲካላ ቤት የምትዞረው? ለማንም እንዳትናገር፣ ዓይን ይገባዋል። እልልታዬንም ለነገ፤ ሲገባ ነው እልል የምለው።" ከዚያ ዘለው ተነሡ። ለኅዳር ሚካኤል ያሰቡትን ቀይ ዶሮ ከጓሮ ይዘው መጡና ቢላዋውን አስጨበጡት። "ሴት አታርድም፤ በል ባርከህ እረድልኝ።"

አንዳንድ ሰው የሠራው ጥፋት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ለደመቀ እዚያው፣ ጓሮ ውስጥ፣ ዶሮዋ እጁ ላይ ስትራገጥ ታየው። ካቲካላው ባንዴ በነነ። "በስመ አብ" አለ፤ ለሞተ ጓደኛው አረደለት። ደሙ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ከቤት ውስጥ ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፉ ሲያንጎራጉሩ ይሰማዋል።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ጠበበው። ኑሪ ጋ ሮጠ፤ ነገረው። ኑሪ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

"አሁኑኑ ጋሼ ቦጋለ ጋ ሂድ! ዛሬውኑ ይንገሯቸው። እስከ ነገ አስጠብቀህ ነው እንዴ የምትገድላቸው?"

ሄደ። ጋሼ ቦጋለ በራቸው ላይ ከእድርተኞች ጋር ቆመዋል። ደመቀ እስከ ማዕዘኑ ደረሰ፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፤ አሁንም ተመለሰ። ምን ይበላቸው? ጠጥቼ ይመጣል አልኳቸው ይበል? ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ራሳቸው አዩትና ጠሩት።

"እህ፣ ቀመሰች?"

"ቀምሰዋል ጋሼ።"

"ጠረጠረች?"

ጊዜው ይህ ነበር። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር።

"አልጠረጠሩም" አለ።

"ጎበዝ! የወንድ ልጅ!" ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ትከሻው ላይ ያሳክከዋል።

ዓይኑን ሳይከድን ነጋ። ጨለማው ሲገፈፍ ሰዎቹ በግቢው በር ገቡ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጋሼ ቦጋለና የሱሉልታው ወንድም ከፊት። ደመቀ ከሁሉ ኋላ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። የዶሮ ወጥ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ቦጋለ በከዘራቸው አንዴ አንኳኩ።

ሁለተኛውን አልደገሙም። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ከመከፈቱ ጋር እልልታው መጣ። እትዬ በለጥሻቸው ጥለት ያለውን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "እልልልል! እሰይ ልጄ!" እያሉ ወጡ።

ሰዎቹን አዩ። ነጠላውን አዩ። ወንድማቸውን አዩ። እልልታው አፋቸው ላይ ቆመ፤ እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ቀረ። ጋሼ ቦጋለ ያዘጋጁትን ቃል መናገር አላስፈለጋቸውም። ኧረ የዚያን ጊዜ የተሰማው ጩኸት! ደመቀ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

በለቅሶው መሐል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ማን ነው ይመጣል ያላቸው? የመርዶ ቤት ውስጥ ትኩስ ዶሮ ወጥ ማን አሠራ? ጋሼ ቦጋለ በንዴት ጦፈው "ያንን ሰው ባገኘው ከእድር ብቻ አይደለም፣ ከሰፈር ነው የማስወጣው!" አሉ። ደመቀ ሰማ። እትዬ በለጥሻቸውም ሰሙ። ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ "ማንም አላለኝ" አሉ። "በሕልሜ ነው። ሲመጣ አየሁት።"

ሁለት ቀን ደመቀ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ውኃ ይቀዳል፣ አግዳሚ ይሸከማል፣ ወጥቶ እስከ ጭድ ተራ ይሮጥና ተመልሶ ይመጣል። ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት፣ ቢያስወጡት ይሻለው ነበር። ሴቶቹ የዶሮውን ድስት ሊደፉት ሲሉ እትዬ በለጥሻቸው ከልክለዋል፤ "አትንኩብኝ፣ አሙቁና አስቀምጡት" ብለዋል። የሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ አስጠሩት።

"ደመቀ ይግባ፤ ሌላው ይውጣልኝ።"

ጥቁር ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድስቱ ከፊታቸው ነው። ፈረሰኛውን አወጡ፣ ለአባወራና ለክቡር እንግዳ የሚሰጠውን ብልት። በእንጀራ ጠቀለሉና "ለሱ ነው የሠራሁት" አሉት። "ሌላ የሚበላለት ወንድም የለውም። ና፣ ብላለት።"

በእጃቸው አጎረሱት። ዋጠው። ሁለተኛውን እያሰናዱ ዓይኑን ሳያዩ ተናገሩ።

"በሕልሜ ነው ያልኳቸው አንተን እንዳይቆጡህ ነው። አንተ ምን አጠፋህ? አንተንም አታለውህ ነው። እሱን ብቻ ንገረኝ፤ ይመጣል ብሎ የዋሸህ ማነው?"

ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። አንድ ሹፌር ነው፣ አላውቀውም ቢል ያበቃለታል። ሴትዮዋ ራሳቸው ውሸቱን አሰናድተው፣ ጠቅልለው አቅርበውለታል፤ መዋጥ ብቻ ነው። ደመቀ አፉ ውስጥ የካቲካላው ጭስ ተሰማው።

"ማንም አልዋሸኝም እትዬ" አለ። "መሞቱን አውቅ ነበር። ለእርስዎ እንዳልናገር ታዝዤ፣ ፊትዎን ማየት ፈርቼ ጠጣሁ። ሲሸትዎት ደግሞ... ለመጠጣቴ የምሰጠው ሌላ ምክንያት አጣሁ።"

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። መረቁ በእጃቸው አንጓ ወርዶ ጥቁሩ ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ። ደመቀ አንገቱን ደፍቶ ጥፊውን ጠበቀ።

"ያኔም ምች አልነበረም" አሉ።

"አልነበረም።"

"አውቃለሁ። ዳማከሴውን ያበዛሁብህ ለዚያ ነው።" ከንፈራቸው ላይ አንድ ነገር መጣና ጠፋ። "እሱ በር ላይ ቆሞ ሲስቅ አይቼው ነበር። አፍህን ክፈት።"

አጎረሱት። እየተንሰቀሰቀ በላ፤ ፈረሰኛው እስኪያልቅ አላቆሙም። ሲያልቅ እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ የሱንም አፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

"ያን ሌሊት አልተኛሁም" አሉት። "ድመት በር ስትቧጥጥ ሦስቴ ተነሥቻለሁ። አሁንም ሰው በሬን ሲመታ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ልቤ መሞቱን ያውቃል፤ ጉልበቴ አያውቅም። ከእንግዲህ ስትመጣ አታንኳኳብኝ ልጄ። ከውጭ ሆነህ ስምህን ተናገር። አንተ መሆንህን አውቄ ልነሣ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀትር ላይ ደመቀ ደጃፉ ላይ ቆመ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ሣንቃው ሄደ፤ ያዘው፣ መለሰው።

"ደመቀ ነኝ" አለ። አልተሰማም። ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው። "ደመቀ ነኝ እትዬ!"

ውስጥ በርጩማ ሲንቋቋ ሰማ፤ ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ድምፅ። እትዬ በለጥሻቸው ቀስ ብለው መጡ፤ አልቸኮሉም።